ያልሰፋሁት ክዳን

እህቴ ለመሶቧ ክዳን እንድሰፋላት የጠየቀችኝ በመስከረም መጨረሻ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው እርጥብ መስክ ላይ ስንደዶ ስንለቅም ነው። ስንደዶ ክረምቱ ሲወጣ የሚደርስ ቀጭን ሣር ነው። አገዳው ሳይጠነክር ይነቀልና ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ቀለም ተነክሮ ለስፌት ይሆናል። እህቴ በአንድ እጇ ትነቅላለች፤ በሌላው ትሰበስባለች። እኔ አንዷን ነቅዬ፣ ቀጥ ማለቷን አይቼ፣ ከሌላዋ አጠገብ አስተካክዬ አስቀምጣለሁ።

«እቴቴ፣ ሣሩን እየፈተንሽው እኮ ነው» አለችኝ። «አለፈ ወደቀ ሳትይ ዝም ብለሽ ንቀይ።»

ሳቅሁ። በዚያ ዓመት በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ትምህርታችንን ሳንጨርስ አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ነበረብን። ዕጣዬ እናቴ ቤት ጎንደር ሲወጣልኝ ጓደኞቼ ቀንተውብኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ መስከረምን በአገሬ አላየሁም ነበር።

ጥቂት ነቀለችና፣ «መሶቡን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ክዳኑን አንቺ ስፊልኝ» አለች።

«እኔ? እኔ መቼ ስፌት አውቃለሁ?»

«ስለማታውቂ ነው እንጂ። የሚያውቅ ሰው የሰፋውማ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ቤት ስገባ ያንቺ እጅ የሠራው አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው።»

እዚያ ቤት የምትለው ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ቤት ነው። ለዚያ አገር ገበሬ ታጭታ ነበር፤ ሠርጓም ከጥምቀት በኋላ በጥር እንዲሆን ተቆርጧል። ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ነው። እኔ አራት ዓመት እበልጣታለሁ።

እሺ ማለት እንኳ አፍሬ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት። እሷ ግን ነገሩ እንዳለቀ ቆጥራ እያንጎራጎረች ወደ መስኩ ጥግ ሄደች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ ዐሥረኛ፣ እሷ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል፤ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ማን ትቅር ተብሎ አልተመከረም። አንድ ሰኞ ጠዋት እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እህቴ ማድጋ አዝላ ወደ ወንዝ ስትወርድ አየኋት። የትምህርት ቤት ልብሷን አልለበሰችም። «ዛሬ አትሄጂም?» አላልኋትም። አስተማሪዎቼ ጎበዝ ይሉኝ ነበር፤ ያ በቂ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልሁ።

በጥቅምት ስንደዶው ደረቀ። ቀለም የምንነክረው ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ እህቴ በአሮጌ ጣሳ ቀለሙን ታፈላለች፣ እኔ ሣሩን እያጠለቅሁ አወጣለሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። የተነከረው ሣር፣ አለላው፣ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ግቢያችን ዓመት በዓል የመጣ ይመስል ነበር። ጣቶቼ እስከ መገጣጠሚያቸው ቀልተው ሰኞ ክፍል ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እስኪያልቅ እጄን ከጀርባዬ አድርጌ አስተማርሁ። ይህን እቤት ስናገር እህቴ ከት ብላ ሳቀች።

«ሰው ገድላ መጣች አላሉም?»

«ዝም አሉ።»

«ፈርተውሽ ነዋ። ዘንድሮ ገና መፍራታቸው ነው።»

ያን ሰሞን የማስታውሰው ከሁሉ ይልቅ ፀሐዩን ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይነካል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳችን ይሞቅና ሦስታችንም ጀርባችንን ለሱ ሰጥተን እንቀመጣለን። እናቴ ትፈትላለች፣ እህቴ ትሰፋለች። ቅዳሜ ከሆነ እኔም። የሽምብራ እሸት ከነሐረጉ ገዝተን መሐላችን እናስቀምጥና እየፈለፈልን እንበላለን። አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አይናገርም። እንደ እኔ ላለ ዓይን አፋር ሰው ከዚያ የሚበልጥ ደስታ የለም፤ ሰው አጠገብ ሆኖ አለመናገር። ይህ ደስታ መሆኑን ያወቅሁት ግን አሁን፣ በአዲስ አበባ ኪራይ ቤት ብቻዬን ስቀመጥ ነው።

በመንደራችን አንዲት ሴት ድግስ ካለባት ጎረቤቶቿ መሶባቸውንና ሰፌዳቸውን ያውሷታል። ድግሱ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ ይቆያል፤ ምልክት የለው፣ ስም የለው። እያንዳንዷ ሴት ገብታ የራሷን አንሥታ ትወጣለች። አንዲቷም የሌላዋን ተሳስታ ይዛ ስትሄድ አላየሁም። የሰፋችውን እጅ በእጃቸው ዳስሰው ያውቁታል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ማደጌን ልብ ይሏል።

እኔ ክዳኔን የሰፋሁት እንደ ተማሪ ነው። የመሶቡን አፍ በክር ለካሁ፤ ደብተር ላይ ሣልሁት፤ ስንት ዙር እንደሚያስፈልግና ከየትኛው ዙር ላይ ወርዱ መጨመር እንዳለበት አስልቼ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍሁ። እህቴ ሥዕሉን አይታ፣ «ይኸ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው እንዴ?» አለች። እኔ ግን በሒሳቤ ተማመንሁ። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ሁለት ሦስት ዙር እሰፋለሁ። ወስፌው ጣቴን ይወጋኛል፤ ጥፍሬ ሥር ደም ይቋጥራል። አለላው እንዳይሰበር ውሃ ውስጥ እያስቀመጥሁ አርሼ ነው የምሰፋው። እንደኔ አብዝቶ የሚያርስ ግን የለም። እናቴ አንድ ቀን፣ «አታርሺው፣ ኋላ ይከዳሻል» ብላኝ ነበር። ቃሏ ሒሳቤ ውስጥ ስላልነበረ አለፍሁት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ጨረስሁ። መሶቡ ላይ ስንደፋው ልክ ሆነ፤ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ከማዘንበሉ በቀር። እናቴ እጄን ስማ ባረከችኝ። ክዳኑን ፀሐይ ላይ አኖርነው። በሦስተኛው ቀን እህቴ ከግቢ ጠራችን። ሣሩ የጠጣው ውሃ ሁሉ ወጥቶ ክዳኑ ተኮማትሯል። እህቴ መሶቡ አፍ ላይ አድርጋ ስትለቀው ቁልቁል ሰመጠ፤ ጫፉ ብቻ ቀረ።

«ክዳኑ ራበው መሰለኝ» አለች። «ገብቶ ሊበላ ነው።»

እናቴ እንዝርቷን ጥላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጾም ስለነበር እህቴ ጨመረችበት፤ «ምነው ጾሙ እንኳ ሳይፈታ!» እኔም ሳቅሁ። ፊቴ ግን ይነድ ነበር።

ስቀን ስንጨርስ እህቴ ክዳኑን አውጥታ አቧራውን አራገፈችለትና፣ «ይሁን፣ እንዲሁ እወስደዋለሁ» አለች።

ያላገጠችብኝ መሰለኝ። የሙሽራው ዘመዶች መሶቡን ከበው ሲያዩት፣ ከሴቶቹ አንዷ የአስተማሪዋ ሥራ ነው ስትላቸው ታየኝ። «አይሆንም፣ ሌላ እሰፋለሁ» አልሁ። እህቴ ክዳኑን ወስዳ ከመሶቡ አጠገብ አስቀመጠችው።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ዘግይቻለሁ።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ነበረችን፤ እትዬ እንላታለን። አንድ ልጇ ሐረርጌ ወታደር ነው። እኔ አዲስ አበባ በነበርሁባቸው ሦስት ዓመታት ደብዳቤዋን የምትጽፍላት እህቴ ነበረች። እኔ ስመጣ እትዬ ወረቀቱን ወደ እኔ ማምጣት ጀመረች። እህቴም፣ «እውነቷን ነው፤ እኔ የስድስተኛ ክፍል ነኝ፣ አለቃው መኮንን ቢያነበው ልጇ ያፍራል» ብላ እስክሪብቶዋን አስረከበችኝ። ሳትከፋ የሰጠችኝ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ልጽፍላት እትዬ ቤት ተቀመጥሁ። ሰላምታውን ጽፌ ቀና ስል ታየኛለች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

ነገርኋት። እሷ አልሳቀችም። ጣቶቼን አገላብጣ የወስፌውን ጠባሳ አየች።

«አምጪው በይ፣ እኔ እሰፋዋለሁ። አንቺ ለልጄ ጻፊ፣ እኔ ለእህትሽ እሰፋለሁ። እጅ ተለዋወጥን ማለት ነው።»

«እህቴ ብታውቅስ?»

«ማን ይነግራታል? አንቺ እንደሆነ መናገር አታውቂም።»

በማግሥቱ የተረፈውን አለላ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድሁላት። የራሴን ክዳን ደግሞ እናቴ ቤተ ክርስቲያን፣ እህቴ ወፍጮ ቤት በሄዱበት ጠዋት ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ለሠርግ ተጎልቶ እንዳይታይ ነው። ሣር ስለሆነ ወዲያው ቦግ አለ። የሁለት ወር ሥራዬ አንድ ድስት ውሃ ለማሞቅ እንኳ አልበቃም። እህቴ የት ሄደ ብትለኝ፣ «ፈታሁት፤ ሣሩን ለአዲሱ እፈልገዋለሁ» አልኋት። አዲሱን የምሰፋው በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ብዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባዶ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ስወጣ እናቴ፣ «አይ ልጄ፣ ደከመች» ትላለች።

ለገና ዋዜማ ክዳኑን ለእህቴ ሰጠኋት። ሸጋ ነበር። ዙሩ የጠበቀ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ቀዩና ወይን ጠጁ እንደ ሐረግ ተያይዘው የወጡ። እህቴ ከላይ ብዙ አላየችውም። ገለበጠችና ውስጡን፣ ስፌቱ ከሚጀምርበት ከእምብርቱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ጥቂት ቆየች። ከዚያ መሶቡ ላይ ደፋችው፤ ገጠመ።

«ሸጋ ነው» አለች። «እጅሽ ተፈታ፣ እቴቴ።»

ቀልድ አለመጨመሯን ያስተዋልሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ትንፋሼን ብቻ ነበር የለቀቅሁት።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ስለ ሠርጉ ብዙ አላስታውስም፤ የነበርሁት ጓዳ ነው። የማስታውሰው የመልሱን ቀን ነው። ሙሽሮቹ ከወገራ ሲመለሱ የባልየው አጎትና አክስት አብረው መጡ፤ አጎትየው በርኖሱን ሳያወልቅ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠ። መሶቡም ተመልሶ ከፊታቸው ቀርቧል። አክስትየው ክዳኑን አንሥታ ወደ ብርሃን ዘወር አደረገችው።

«ይህን የመሰለ እጅ የማን ነው?»

እኔ የወጥ ድስት ይዤ በሩ ላይ ነበርሁ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ለመናገር ጊዜ ሰጥታኝ ነበር፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ድስቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።

«የእህቴ ነው» አለች።

«የአስተማሪዋ? ተምራም ይህን ትችላለች?»

«የማትችለው የለም።»

«አያ፣ ሰማህ?» አለች አክስትየው ወደ አጎትየው ዞራ። «ያን ጊዜ ትልቋን ነበር መጠየቅ።»

«አሁንስ መች መሸ» አለ እሱ። «እኔም እኮ ሚስት አልፈልግም አላልሁም።» ቤቱ ሳቀ። እኔ ድስቱን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ዓይን አፋርነቴን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አልተከተለኝም። ዓይን አፋርነት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያገለግለኛል። ሰው ጨዋነት ይለዋል።

ከፋሲካ በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ወረድሁና በእግሬ እህቴ ቤት ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ባሏ እርሻ ላይ ነበር። አብልታኝ፣ አጠጥታኝ፣ በሰፌድ ምስር መልቀም ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ክዳኑን እኔ አልሰፋሁትም» አልኋት።

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«የሰጠሽኝ ዕለት። ሦስት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍላት ስፌት ያስተማረችኝ ማን ሆነችና? እጇን አላውቀውም?»

ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አብረው ተቀምጠው አንዷ እየተናገረች ሌላዋ እየጻፈች፣ ከዚያም ሁለቱም ወስፌ ይዘው ውለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንዴት እንዳላሰብሁት ዛሬም አይገባኝም።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ።» አንዲት ጠጠር አውጥታ ወደ ደጅ ወረወረች። «የራበውስ ክዳን? አሁንም ፈታሁት ልትይኝ ነው?»

«አቃጠልሁት።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከደጅ የበሬ ቃጭል ይሰማ ነበር።

«እሱን ነበር የፈለግሁት» አለች። «እዚህ ስመጣ አንድ ሰው አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ቀኑ አይመሽልኝም ነበር። እሱ ቢኖር መሶቡን በከፈትሁ ቁጥር እናንተን አስቤ እስቅበት ነበር።» ቀጥላ ምስሯን መልቀም ጀመረች። «ይሁን። የእትዬም ሸጋ ነው፤ ሁሉም ያመሰግነዋል።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ፈልጌ ነበር። እሱንም በመንገድ አጥንቼው ነበር። በቃሉ ፈንታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጅምር ሰፌድ አየሁና ተነሥቼ አወረድሁት።

«እስቲ ልስፋልሽ፣ ጥቂት ዙር።»

«ተይው፣ እቴቴ» አለችኝ፤ ተነሥታ ከእጄ በቀስታ ተቀበለችኝ። «እንግዳ ነሽ። አረፍ በይ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማታ እግሬን አጠበችኝ፣ ደኅናውን አልጋ ለቀቀችልኝ፣ በማግሥቱ ስሄድ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። እንደ እንግዳ ነበር ያስተናገደችኝ፤ አንድም ቀልድ ሳትጨምር።

በክረምቱ ትምህርቴን ልጨርስ አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ በዚያው ሥራ ያዝሁ። በየሁለት በየሦስት ወሩ ትጽፍልኛለች፤ በስድስተኛ ክፍል ጽሕፈቷ፣ መስመሩን ሳትለቅ። ልጅ ወልዳለች። እናታችን ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ብሶባታል። ከእኔ የምትፈልገው ነገር እንዳለ ስጠይቃት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ ምንም፣ ጤናሽን ብቻ።

ባለፈው መስከረም ድፍረት አገኘሁ። ከስንደዶው አንድ እፍኝ፣ አንድ አሮጌ ወስፌም እንድትልክልኝ፣ ዘንድሮ እንዳሻው ቢሆን ለቤቷ አንድ ክዳን መስፋት እንደምፈልግ ጻፍሁላት። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ቀድቼዋለሁ፤ ሲነበብ ልመና እንዳይመስል።

በኅዳር ከዚያ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ ጥቅል አደረሰልኝ። ቆሜ ፈታሁት። ውስጡ የተጨረሰች ትንሽ ሙዳይ ነበረች፤ ክዳኗ ልክ፣ ዙሯ ውሃ የማያሳልፍ። ወስፌ አልነበረም፤ ሣርም አልነበረም። አብሮ የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፤ «ሥራ ይበዛብሻል፣ በየት ጊዜሽ ትሰፊዋለሽ ብዬ እኔ ሰፍቼ ላክሁልሽ። ለጉትቻሽ ይሁንሽ።»

አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍሁላት። ሌላ የምጨምረው ፈልጌ ወረቀቱ ፊት ብዙ ተቀመጥሁ፤ በመጨረሻ እንዳለ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትሁት።